«ብረት ይበሰብሳል እንዴ?»

የምሠራበት የጥርስ ክሊኒክ ቱሉ ዲምቱ ነው፤ የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም አይርቅም። ከኮንዶሚኒየሙ፣ ከገላንና ከዱከም ሰው ይመጣል። የጅቡቲ መስመር ሾፌሮችም አይጠፉም። እነሱ የሚመጡት ሕመሙ እንቅልፍ ሲነሳቸው ነው። እኚህ ጋሼ ግን ምንም ሳያማቸው መጡ።

ከዓመታት በፊት ሌላ ቦታ ያስተከሉት የታች መንጋጋ ጥርስ ይነቃነቃል። ወጪውን የሸፈነችው ውጭ አገር ያለች ልጃቸው ናት። «ቲታኒየም ነው ተብዬ ነበር። ብረት ይበሰብሳል እንዴ?» አሉ ቆጣ ብለው።

ዶክተሯ ቀጭኗን መለኪያ በድዱ ጠርዝ አስገባች። ደምና መግል ወጣ። ራጁ ላይ ጥርሱን ለመያዝ አጥንቱ ውስጥ የታሰረው የቲታኒየም ብሎን ምንም አልሆነም። የጠፋው ዙሪያውን የያዘው አጥንት ነው።

«ብረቱ ደህና ነው ጋሼ» አለቻቸው። ስዊድናዊው ሐኪም ፐር-ኢንግቫር ብሮኔማርክ በ1965 እ.ኤ.አ. የቲታኒየም ጥርስ የተከለለት የመጀመሪያው ታካሚ ከ40 ዓመት በላይ እንደተጠቀመበት ነገረቻቸው። አጥንቱን የሚያስበላው በአፍ ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ነው። ለምሳሌ ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ የሚባለው ባክቴሪያ፣ የድድ በሽታ ካለባቸው ጎረቤት ጥርሶች ተነስቶ ብሎኑ ላይም ይሰፍራል። የጋሼ ሌሎች ጥርሶች ደግሞ ሥራቸው ድረስ ቆሻሻ ጋግረዋል።

የተፈጥሮ ጥርስን ድዱና አጥንቱ በጅማት አጥብቀው ይይዙታል። የተተከለው ጥርስ ይህ ጅማት የለውም። ባክቴሪያው ወደ ውስጥ ሲዘልቅ የሚያግደው መከላከያ ደካማ ነው። ብዙ ጊዜ ሕመምም የለውም። ሰው ደግሞ ካላመመው ሐኪም ቤት አይሄድም፤ ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

እንዴት እንደሚያጸዱት ስንጠይቃቸው ነው ነገሩ የተገለጠው። የፊት ጥርሳቸውን በመፋቂያ ጥሩ አድርገው ይፍቃሉ። የተተከለውን ግን አይነኩትም። «ሲነካ ይደማል። በዚያ ላይ ውድ ነው፣ እንዳይላላ ብዬ ተውኩት» አሉ። ድዱ ሲያብጥ ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ይገዛሉ። እብጠቱ ይቀንስና ተመልሶ ይመጣል። ባክቴሪያው ብሎኑ ላይ ተደራርቦ ዝልግልግ ሽፋን ስለሚሠራ መድኃኒቱ ብቻውን አያጠፋውም፤ መፋቅ አለበት። ሲጋራም ያጨሳሉ፤ እሱን የነገሩን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው።

ደሙ በጀመረበት ሰሞን ቢመጡ ኖሮ ያበጠው ድዱ ብቻ ነበር፤ በእጥበትና በጽዳት ይመለሳል። አጥንቱ ከተበላ በኋላ ግን እንደ ነበረ አይሆንም። የጋሼ ብሎን ወጣ።

እሳቸው በዚያው ቀን ሌላ እንዲተከልላቸው ፈለጉ። ዶክተሯ መጀመሪያ ጥርሳቸው ሁሉ ይታጠብ፣ ድዱ መድማቱን ያቁም አለች። ይህን ለሌላውም ደንበኛ ስለምንል ተቀይሞ ሌላ ክሊኒክ የሚሄድ አለ። ይሂድ። ድዱ እየደማ ብሎን ማሰር ገንዘብ መቀበል እንጂ ሕክምና አይመስለኝም።

ወዲያው ልጃቸው ደወለች። የአዲሱን ጥርስ ዋጋ ጠየቀች፤ ዶክተሯ የእጥበቱን ዋጋ ነገረቻት። ጋሼ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «ሲስተር፣ የሲጋራውን ነገር ብቻ እንዳትነግሩብኝ» አሉኝ።