ሦስት ሚያዝያ ከዱር ቱርኪ ጋር

የዱር ቱርኪን፣ ከዶሮ እጅግ የሚገዝፈውን የአሜሪካ ጫካ ወፍ፣ ከማየቴ በፊት ድምፁን ሰማሁ። እ.ኤ.አ. በ2022 ሚያዝያ ሲብት፣ በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት በማሳነተን ተራራ ጎን፣ ሰው ከሰው በማይለይበት ጨለማ ለአደን አንድ ትልቅ የኦክ ዛፍ ተደግፌ ተቀምጬ ነበር። ከሸለቆው ማዶ ጉጉት ጮኸች። ጥሪዋ ሳያልቅ ከበላዬ ካለው ሸንተረር አንድ አውራ ቱርኪ መለሰላት፤ ጉልጉልጉል የሚል፣ ከሆድ የሚነሣ፣ ሸለቆውን ሁሉ የሚሞላ ጩኸት። ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ያን ቀን ባዶ እጄን ተመለስኩ፤ በዚያ ዓመትም፣ በቀጣዩም ዓመት እንዲሁ። ይሁን እንጂ ከዚያ ንጋት ጀምሮ ያ ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም።

ያደግኩት በጎጃም ገጠር ነው። ማማ ላይ ወጥቼ ማሽላ ከወፍና ከዝንጀሮ ጠብቄያለሁ፤ ለቆቅና ለጅግራም ወጥመድ አጥምጃለሁ። ስለዚህ አብሮኝ የሚሠራ አንድ የሼናንዶዋ ሸለቆ ተወላጅ ሽማግሌ ስለ ቱርኪ አደን ሲያጫውተኝ ነገሩ የማውቀው መሰለኝ። ልዩነቱ የገባኝ ቆይቶ ነው። ወጥመድ አንተ በሌለህበት ይጠብቅልሃል፤ አጥምደህ ትሄዳለህ፣ ማታ መጥተህ ታያለህ። ለቱርኪ ግን ወጥመዱ አንተው ራስህ ነህ።

ፈቃዱን ማውጣት ቀላሉ ሥራ ነበር። የአደን ደኅንነት ትምህርት ወስጄ የግዛቱን የአደን ፈቃድ፣ በላዩም የአጋዘንና የቱርኪ ፈቃድ፣ የማድነው በጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን ውስጥ ስለሆነ ደግሞ የደኑን ፈቃድ ገዛሁ። በዚህ ግዛት በጸደይ ወራት የሚታደነው ጢም ያለው ቱርኪ ብቻ ነው። ጢም የሚባለው ከደረቱ የሚንጠለጠል፣ የፈረስ ጭራ የመሰለ ቀጭን ላባ ሲሆን በአብዛኛው የሚገኘው በአውራው ላይ ነው። ከትምህርቱ ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው ስለ ቀለም የተነገረን ነገር ነው። የአውራው ራስ እንደ ስሜቱ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ይሆናል። ስለዚህ ከእነዚህ ሦስት ቀለሞች አንዱን፣ ካልሲም ቢሆን፣ አድርጎ ጫካ የገባ ሰው ለሌላ አዳኝ ቱርኪ ሊመስለው ይችላል። የቱርኪ ድምፅ ተከትሎ እየተሳቡ መቅረብም ፈጽሞ አይደረግም፤ የሚጠራው እንዳንተው ያለ ሰው ሊሆን ይችላልና። ከትከሻህ የሚሰፋ ዛፍ ተደግፈህ መቀመጥህም ለመደበቅ ብቻ ሳይሆን ጀርባህን ለመከለልም ነው።

የአደኑ ምሥጢር እንዲህ ነው። አውራው ሌሊቱን ዛፍ ላይ ያድራል። ሲነጋጋ ከቅርንጫፉ ሆኖ ይጮኻል፤ ሴቶቹም ድምፁን ሰምተው ወደ እርሱ ይሄዳሉ። የተፈጥሮው ሥርዓት ይኸው ነው፤ ሴቷ ትሄዳለች፣ እርሱ ይጠብቃል። አዳኙ ግን የሴቷን ድምፅ አስመስሎ እርሱ እንዲመጣ ያደርጋል። በሌላ አነጋገር፣ አውራውን በሕይወቱ ሙሉ የማያደርገውን ነገር እንዲያደርግ እየለመንከው ነው። ይህን በመጀመሪያው ዓመት ብረዳው ኖሮ ብዙ ንጋት በከንቱ ባላለፈ ነበር።

ሽማግሌው ከዝግባ እንጨት የተሠራች ትንሽ ሳጥን ሰጥቶኝ ነበር። ክዳኗ በአንድ ጫፍ ተያይዟል፤ ጠመኔ ቀብተህ በሳጥኗ ጠርዝ ላይ ስታፋጨው የሴት ቱርኪ ድምፅ ይወጣል። ክረምቱን በሙሉ መኪናዬ ውስጥ ተለማመድኩባት። ያን የመጀመሪያ ንጋት አውራው ሲጮህ እኔም ጠራሁ። መለሰልኝ። ደስታዬን መቆጣጠር አቅቶኝ ደግሜ ጠራሁ፤ ደግሞ መለሰ። ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲህ ስንቀባበል ቆየን። እርሱ ግን ከዛፉ አልወረደም። በመጨረሻ ከሸንተረሩ ወዲያ በኩል እውነተኞቹ ሴቶች መጡ፤ ክንፉ ሲርገበገብ ሰማሁ፤ ከዚያ በኋላ ዝምታ ሆነ።

ለሽማግሌው ስነግረው የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስንት ጊዜ ጠራህ? ሠላሳ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም አልኩት። የመጀመሪያዋን ጥሪህን ሲሰማ በየትኛው ዛፍ ሥር እንዳለህ አውቋል አለኝ። ሃያ ዘጠኙን ጥሪ ያሰማኸው ራስህን ለማጽናናት ነው።

ይህ ቃል ከነከነኝ፤ እውነት ስለነበረ። ሆኖም ወዲያው አላረመኝም። በሚቀጥሉት ሳምንታት ደግሞ በመንቀሳቀስ ተሸነፍኩ። ቱርኪ የማሽተት ችሎታው ደካማ ነው፤ ዓይኑ ግን ራሱን በጥቂቱ አዘንብሎ ዙሪያውን ሁሉ የሚያይ፣ ቀለምም የሚለይ ነው። አንድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሙሉ ከተቀመጥኩ በኋላ ጉልበቴ ደነዘዘ፤ ማንም የለም ብዬ እግሬን ዘረጋሁ። ከበስተግራዬ፣ ከሃያ እርምጃ በማይርቅ ቦታ፣ «ፐት!» የሚል አጭር ድምፅ ወጣ። የማስጠንቀቂያ ድምፃቸው ነው። ዞር ስል ያየሁት በቁጥቋጦ መካከል እየሮጠ የሚጠፋ ጥቁር ጀርባ ነበር። ሳይጮህ፣ ኮሽታ ሳያሰማ መጥቶ አጠገቤ ቆሞ ነበር። አንድ ደቂቃ ብታገሥ ኖሮ አየው ነበር።

ስለ ሁለተኛው ዓመት መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን ጀማሪ ሁሉ ሊሰማው የሚገባ ስለሆነ እጽፈዋለሁ። ሾትገን እንደ ሌላው ጠመንጃ አንድ ጥይት አይተኩስም፤ ከምስር ያነሱ ብዙ የርሳስ ፍሬዎችን ነው የሚበትነው። ቱርኪ የሚመታው ራሱና አንገቱ ላይ ብቻ ነው፤ የደረቱ ላባና ሥጋ ፍሬዎቹን ስለሚይዛቸው ሌላ ቦታ የተመታ ወፍ ቆስሎ ያመልጣል። ከ35 ሜትር ገደማ በላይ ሲሆን ፍሬዎቹ እየተበታተኑ ይሄዳሉ። ይህን ሁሉ አንብቤያለሁ። በ2023 ሚያዝያ ማለቂያ ላይ አንድ አውራ ከጫካው ጫፍ ብቅ ብሎ ጅራቱን እንደ ድባብ ዘርግቶ ሲንጎማለል ግን ልቤ ከእኔ ቁጥጥር ወጣ። ተጨማሪ አሥር እርምጃ ወደ እኔ ይመጣ ነበር። አልጠበቅኩትም፤ ተኮስኩ።

ወፉ ዘለለ፣ ተንገዳገደ፣ ከዚያም እየበረረ በሸለቆው ቁልቁል ወረደ። ርቀቱን ስረግጠው ስድሳ አምስት እርምጃ ሆነ። መሬት ላይ ሦስት ላባ አገኘሁ፤ ደም አልነበረም። ለሦስት ሰዓታት ያህል በእሾህና በድንጋይ መካከል እየተንበረከክሁ ፈለግሁት። መዥገር ወረረኝ። አላገኘሁትም። ቆስሎ ይሁን በደኅና አምልጦ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ያ አለማወቅ ነው ብዙ ሌሊት እንቅልፍ የነሣኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ጠመንጃውን ይዤ የወጣሁት ወደ ተኩስ መለማመጃ ሜዳ ነው። በትልቅ ወረቀት ላይ የቱርኪ ራስ ስዬ ከ20፣ ከ30፣ ከ40 ሜትር ተኮስኩና ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ቆጠርኩ። በ40 ሜትር አንገቱን የመቱት አራት ብቻ ነበሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የትም ስቀመጥ አስቀድሜ 30 እርምጃ እቆጥርና እዚያ ያለውን ዛፍ ወይም ድንጋይ በዓይኔ እይዛለሁ። ከዚያ ወሰን ወዲያ ያለ ቱርኪ ለእኔ የሚታይ እንጂ የሚተኮስበት አይደለም።

በ2024 ፋሲካ የዋለው በሜይ 5 ነበር። የአደኑ ወቅት የተከፈተው ደግሞ በኤፕሪል 13፣ ሁዳዴው ገና ሳያልቅ ነው። በቀደሙት ዓመታት ሥጋውን በረዶ ውስጥ አስቀምጬ ለፋሲካ አደርሰዋለሁ ብዬ በጾሙ ወቅት ጠመንጃ ይዤ ወጥቼ ነበር። በዚያ ዓመት ግን እናቴ ከእኔ ዘንድ ነበረች። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጫማዬን ሳስር አየችኝና፣ «ልጄ፣ በሁዳዴ ደም ልታፈስ ነው የምትወጣው?» አለችኝ። ተቆጥታ አልነበረም፤ ጥያቄ ነበር። ጠመንጃውን መልሼ ቆለፍኩበት። ጫካው ግን አላስቀምጥ ስላለኝ ማስታወሻ ደብተርና ሩቅ የሚያሳይ መነጽር ይዤ ሄድኩ።

ቱርኪ ማደን የተማርኩት በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ነው። መተኮስ ስለማልችል መቸኮል የሚባል ነገር ከውስጤ ወጣ። አንድም ጊዜ አልጠራሁም። በየትኛው ዛፍ እንደሚያድር፣ በስንት ሰዓት እንደሚወርድ፣ ወደየት እንደሚያመራ ጻፍኩ። ቅጠሉን በእግራቸው የጫሩበትን ቦታ፣ በአቧራ የሚታጠቡበትን ደረቅ ጉድጓድ አገኘሁ። ኩሳቸው እንኳ ይናገራል፤ የአውራው ረዘም ብሎ ጫፉ እንደ መንጠቆ የታጠፈ ነው፤ የሴቷ የተጠቀለለ ነው። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ተደጋግሞ ታየኝ። ሴቶቹ ንጋት ላይ ከእርሱ ጋር ይሆናሉ፤ ረፋዱ 3 ሰዓት ገደማ ሲሆን አንድ በአንድ ተለይተው ይሄዳሉ። እንቁላል ሊጥሉ ነው። አንዷ ሴት በቀን አንድ እየጣለች አሥር፣ አሥራ ሁለት እስኪሞላላት ድረስ ትመላለሳለች፤ ከዚያም 28 ቀን ያህል ትታቀፋለች። አውራው ያን ጊዜ ብቻውን ይቀራል፤ ዱሮ ግንድ ይጎተትበት በነበረ አሮጌ የጫካ መንገድ ላይም ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ሰዓት ተስፋ ቆርጬ ወደ መኪናዬ ስመለስ ነበር።

ይህ ወፍ ዛሬ በዚህ ጫካ በመኖሩ ምስጋና የሚገባቸው ሰዎች አሉ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በአደን ብዛትና በደን ጭፍጨፋ ከብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። የተመለሰው የየግዛቱ የዱር እንስሳት ባለሙያዎች ከተረፉባቸው ቦታዎች በተወንጫፊ መረብ እየያዙ ወደ ጠፉባቸው ደኖች ስለወሰዷቸው ነው። የዱር ቱርኪን ለመጠበቅ የቆመው ብሔራዊ ማኅበርም የተመሠረተው እዚሁ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ በፍሬድሪክስበርግ፣ በ1973 ነው። ከፈቃድ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለዚህ ሥራ እንደሚውል ሳውቅ የከፈልኩትን ወደድኩት።

ከፋሲካ በኋላ ባለችው የመጀመሪያ ቅዳሜ ጠመንጃዬን ይዤ ወጣሁ። ከዚያ በፊት የንስሐ አባቴን አንድ ነገር ጠይቄያቸው ነበር፤ በጥይት የወደቀ ወፍ እንዴት ይባረካል? «ከመተኮስህ በፊት በስመ አብ በል፤ እንደወደቀ ፈጥነህ ባርከህ አንገቱን ቁረጥ፣ ደሙ ይፍሰስ» አሉኝ።

ንጋት ላይ አልተቀመጥኩም። ጩኸቱን ከሩቅ ሰምቼ ተውኩት። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ በአሮጌው መንገድ ዳር አንድ ኦክ ተደገፍኩ፤ 30 እርምጃውን ቆጠርኩ፤ ጠመንጃውን ጉልበቴ ላይ አመቻቸሁ። 3 ሰዓት ሲሆን በዝግባዋ ሳጥን ሦስት ጊዜ ብቻ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠራሁ። አንድ ጊዜ መለሰ፤ ከሩቅ። እጄ እንደገና ወደ ሳጥኗ ሄደ። መልሼ ኪሴ ውስጥ ከተትኳትና ዚፑን ዘጋሁ። አርባ ደቂቃ አለፈ። ያ አርባ ደቂቃ ካሳለፍኳቸው ሁለት ዓመታት ይረዝም ነበር። በየመካከሉ በጣቶቼ ደረቁን ቅጠል ቀስ ብዬ እጭራለሁ፤ ምግቧን የምትፈልግ ሴት እንደምትጭረው፣ ጫር፣ ጫር፣ ዝም።

ከዚያ ደረቴ ውስጥ የሚሰማ ነገር መጣ። ሲንጎማለል የሚያሰማው የሩቅ ከበሮ የመሰለ ዝቅተኛ ድምፅ ነው፤ የሚሰማው ቅርብ ሲሆን ብቻ ነው። ቀጥሎ ከመንገዱ መታጠፊያ ነጭና ሰማያዊ ራስ ብቅ አለ። አርባ እርምጃ ነበር። ልቤ እንደ አምናው መታ። ሠላሳ። ከግንድ ኋላ ሲገባ ጠመንጃውን አነሣሁ። ሃያ አምስት ላይ ላባውን ሰብስቦ አንገቱን ቀና አደረገ። በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አልኩ፤ ተኮስኩ። ከቆመበት ሳይንቀሳቀስ ወደቀ።

የጠመንጃዬን ጥይት አውጥቼ ደረስኩበት፤ እንደተባልኩት አደረግሁ። በፀሐይ ጨረር ላባው ነሐስ፣ አረንጓዴ፣ ወርቅ ይሆናል፤ ከሩቅ ጥቁር ይመስለኝ ነበር። አጠገቡ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ በሕጉ መሠረት አስመዘገብኩት። ዘጠኝ ኪሎ መዘነ፤ ጢሙ 24 ሴንቲ ሜትር ነበር።

እናቴ ራሷ ልሠራው አለች። በሎሚና በጨው አጥባ አሥራ ሁለት ብልት አወጣች፤ የእግሩ ጅማት ግን እንደ ሽቦ ነው፤ ጭኑን አራት ሰዓት ቀቅላዋለች። የደረቱን ሥጋ ለብቻው በመጨረሻ ከተተችው፤ ቶሎ ይደርቃልና። ሽማግሌውን ጠራነው። ወጡን በእንጀራ ሲበላ ብዙ አልተናገረም፤ ሲጨርስ የክንፉን አጥንቶች እንዳልጥላቸው ነገረኝ። የዚህ አገር ነባር ሕዝቦች ከክንፉ ሦስት አጥንት አንዱን በሌላው ውስጥ ሰክተው ሲመጥጡት የሴቷን ድምፅ የሚያስመስል ዋሽንት ይሠሩ ነበር። አጥንቶቹን ቀቅዬ፣ ቅልጥማቸውን አውጥቼ፣ መስኮት ላይ አድርቄያቸዋለሁ። ትናንት ማታ ሰክቼ ሞከርኳቸው፤ የሚወጣው ድምፅ ገና ትንፋሽ ብቻ ነው።