ግራ ዓይኑ
ልጄ 6 ዓመቱ ነበር። ከእህቱ ጋር በሽቦ ቁራጭ ሲጫወቱ ድንገት ጮኸ። ሮጬ ስደርስ ግራ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ ይንዘፈዘፋል። እኔ ውሃ ፍለጋ ልሮጥ ስል ባለቤቴ "ተይ፣ እንዳትነኪው!" አለኝ። እንዴት እንዳወቀ እስካሁን አልነገረኝም።

ሐኪሟ በኋላ አስረዳችኝ። ሹል ነገር የወጋው ዓይን አይታጠብም፣ አይታሽም፣ አይጫኑትም። የወረቀት ኩባያ ቂጥ ቆርጦ ዓይኑን ሳይነካ ከላይ መክደን፣ ከዚያ ወደ ሕክምና መሮጥ ነው። መታጠብ ያለበት በረኪና ወይም ኖራ የገባበት ዓይን ነው። ያ ደግሞ እዚያው፣ ወዲያው፣ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹህ ውሃ። እኔ ሁለቱን አምታትቼ ነበር።

ኮርኒያ የሚባለው የዓይኑ መስታወት ተቀዶ ስለነበር በዚያው ሌሊት ተሰፋ። ተረፈ ብዬ ተነፈስኩ። ምን ዋጋ አለው፣ ከሳምንታት በኋላ ሌንሱ፣ ማለትም ዓይኑ ውስጥ ብርሃን የሚያሰባስበው ጥርት ያለው ክፍል፣ ነጣ። የዓይን ሞራ! እኔ እኮ የሽማግሌ በሽታ ነበር የሚመስለኝ። እሱም በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ገባለት።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ፕላስተሩ ነው። በዚህ ዕድሜ አንጎል ማየትን ገና እየተማረ ነው፤ ብዥ የሚለውን ዓይን ችላ ብሎ በደህናው ብቻ መሥራት ይለምዳል። ስለዚህ ደካማው እንዲሠራ ደህናውን በየቀኑ ለሰዓታት እንሸፍናለን። ያለቅሳል፣ ይገነጥለዋል፣ መልሼ እለጥፋለሁ። ትናንት ለአሻንጉሊቱም አንድ ለጠፈለት። ቀኝ ዓይኑ ላይ።