ሐረጎን ስንወርድ

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ከደሴ ስንወጣ የጦሳ ተራራ ገና ጉሙን አልገፈፈም። ኮምቦልቻ ቅርብ ናት፣ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ግን የሐረጎን ተራራ እየተጠማዘዙ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል መውረድ አለ። ከደሴ ካፖርት ደርቦ የተነሳ ኮምቦልቻ በሸሚዝ ይደርሳል።

ጋቢና ነበርኩ። ሾፌሩ ነዳጅ ሰልፍ ላይ ስላደረ ወሬው ሁሉ ናፍጣ ነው። "ይሄ የኤሌክትሪክ መኪና ሐረጎን ይወጣል እንዴ?" አለኝ። ይወጣል፤ ሲወርድ ደግሞ ፍሬን በያዝክ ቁጥር ባትሪው ይሞላል አልኩት። "በቃ፣ እኔ ቁልቁለቱን ብቻ ነው የምሠራው!" ብሎ ሳቀ። በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ከ2016 ወዲህ ይህ ጥያቄ የሁሉም ሾፌር ነው።

ከኋላ አንድ አባት ጣልቃ ገቡ። "አየሩን ያበላሸው ይሄ የመኪና ጭስ ነው አሉ፤ እውነት ነው ልጄ?"

በ2004 የወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ሲሰላ፣ ከአገሪቱ ልቀት፣ ማለትም ወደ አየር ከምትለቀው ሙቀት አማቂ ጋዝ፣ ግማሽ ያህሉ የግብርና፣ በተለይም የከብት ነበር። የደን ጭፍጨፋው ደግሞ ከሲሶ በላይ። ትራንስፖርት 3 በመቶ ብቻ። "አባቴ፣ ዋናው የላም ግሳት ነው" አልኳቸው።

"ጭራሽ ላሟን!" ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። የተቀየሙኝ ይመስለኛል። አልፈረድኩባቸውም፤ ላሟ የቤታቸው ባንክ ናት።

ኮምቦልቻ ሐዲዱን ላይ ብዬ ወረድኩ። ከአዋሽ ተነስቶ እስከ ሃራ ገበያ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በኤሌክትሪክ እንዲሄድ የታሰበ መስመር ነው። ሥራው የተጀመረው በ2007 ነው። የአገሪቱ መብራት ከሞላ ጎደል ከውሃ ነው፤ ጳጉሜ 2017 ላይ ሕዳሴ ግድብም ተመረቀ። ጭነቱ ግን አስፋልቱ ላይ በናፍጣ ነው የሚያልፈው፣ ከባድ መኪና በከባድ መኪና።

በፈረንጆቹ 2050 የአገሪቱ የተጣራ ልቀት፣ ማለትም ከሚለቀቀው ላይ ደኑ የሚመጥጠው ተቀንሶ የሚቀረው፣ ዜሮ ይሆናል ተብሏል። ለፈረንጆቹ 2030 ደግሞ በእኛ 2013 የተሻሻለው ቃል፣ ምንም ባይደረግ ከሚደርስበት ልቀት 68.8 በመቶ መቀነስ ነው። በራሳችን አቅም የምንሠራው ከዚያ ውስጥ 14ቱን ብቻ ነው። 54.8ቱ የውጭ እርዳታን ይጠብቃል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ገንዘቡ ገብቶበት መሬት ላይ የተዘረጋው ነው።

ሐዲዱ ዳር ፍየል የሚያግድ ልጅ ትክ ብሎ አየኝ። "ጋሼ፣ ባቡሩን ነው የምትጠብቀው? ሚኒባስ ከዚያ ማዶ አለ።"