ሰባተኛው ዝርዝር

ዛሬ ማታ ሰባተኛውን ዝርዝር ጻፍኩ። ስድስቱን ቀዳድጄ ጥያቸዋለሁ። ለጌም የሚሆን ኮምፒውተር በትንሽ ገንዘብ እንገጣጥማለን ብለን ከታናሽ ወንድሜ ጋር ከተነሳን ሦስት ሳምንት ሊሞላን ነው። እስካሁን አንዲት ብሎን አልገዛንም።

የመጀመሪያው ዝርዝር ትዝ ሲለኝ ራሴን እታዘባለሁ። ከላይ የምመኘውን ግራፊክስ ካርድ፣ የጌሙን ምስል የሚሠራውን፣ በትልቁ ጽፌ፣ የቀረውን በአንድ በአንድ ቃል ዘጋሁት። ማዘርቦርድ (ሁሉም የሚሰካበት)፣ ርካሽ። ራም (ጊዜያዊ ሜሞሪው)፣ ርካሽ። ፓወር ሰፕላይ (ለሁሉም ኤሌክትሪክ የሚሰጠው)፣ የተገኘው። ወንድሜ አየት አድርጎት «ይሄ እኮ ሱፍ ለብሶ በነጠላ ጫማ መሄድ ነው» አለኝ። ከዚያ እስክሪብቶውን ቀማኝና ከታች «መብራት ያለው ፋን» ብሎ ጨመረበት። ሰረዝኩት።

የገንዘቡ ግማሽ የእሱ ስለሆነ ዝም በል ልለው አልችልም። ችግሩ የምንጫወተው ጌም አይገናኝም። እሱ የሚወደው ከሰው ጋር በኢንተርኔት የሚታኮስበትን ነው። እኔ ደግሞ ታሪክ ያለው፣ ሜዳና ተራራውን እያየሁ ቀስ ብዬ የምዞርበት ይመቸኛል። የእሱ ጌም ብዙውን ጊዜ ፕሮሰሰሩን፣ ማለትም የኮምፒውተሩን አእምሮ፣ ያደክማል፣ የእኔው ግራፊክስ ካርዱን። ስለዚህ ሁለታችንም ልክ ሆነን ሦስት ማታ ተጨቃጨቅን።

ጭቅጭቁን ያበረደው ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ስክሪን ነው። ያለን እሱ ነው፤ ሌላ የመግዛት ሐሳብም የለንም። 1920 በ1080 ነው፣ 60 ኸርዝ። በሰከንድ ከ60 ምስል በላይ አያሳይም። ነጥቦቹ ሲቆጠሩ 2 ሚሊዮን አካባቢ ናቸው። ፎርኬ የሚባለው ስክሪን 8 ሚሊዮን ያልፋል፣ ማለትም አራት እጥፍ። እኔ ስመኘው የነበረው ካርድ ለዚያ ነው የሚታሰበው። ወንድሜ ግን እዚህም አልለቀቀኝም። «ስክሪኑ 60 ቢያሳይም፣ ጌሙ 120 ሲሮጥ ማውሱ ቶሎ ይታዘዛል» አለ። እውነቱን ነው፣ ትንሽ ይሻላል። ለትንሽ ያን ያህል ገንዘብ አላወጣም ብዬ የምኞቴን ካርድ ሰረዝኩት። አዝኜ ነው የሰረዝኩት።

ከዚያ በኋላ ፍለጋው ወደ መካከለኞቹ ወረደ። አርኤክስ 6500 ኤክስቲ በዋጋው አማልሎኝ ነበር። ሜሞሪው ግን 4 ጊጋ ብቻ ነው። ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኝበት መንገድም አራት መስመር ብቻ ነው። ሜሞሪው ሲሞላ በዚያ ጠባብ መንገድ ወደ ራም ይመላለሳል፤ ማዘርቦርዱ የድሮ ከሆነ ደግሞ የመንገዱ ፍጥነት በግማሽ ይቀንሳል። ተወው አልኩ። አርቲኤክስ 3060ም ነበረ፤ 12 ጊጋ ሜሞሪ ያለው። እዚህ ላይ ልሸወድ ነበር። በዚሁ ስም 8 ጊጋ ያለው ሌላ ካርድም አለ፤ ሜሞሪው ብቻ ሳይሆን የሜሞሪው መንገድም ከ192 ቢት ወደ 128 ወርዷል። ስሙ አንድ፣ ካርዱ ሌላ። ርካሽ ነው ብዬ የደነቅኩበት ያኛው ነበር።

በመጨረሻ የተስማማንበት አርኤክስ 6600 ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ፣ 8 ጊጋ ሜሞሪ ያለው፣ 132 ዋት የሚበላ። ለእኛ ስክሪን ይበቃል። አንዳንድ አዳዲስ ጌም ላይ የምስሉን ጥራት ዝቅ ማድረግ ሊኖርብኝ ነው። እሺ።

ፕሮሰሰሩ ብዙ አላከራከረንም። ኮር አይ3 12100ኤፍን ከራይዘን 5 5600 ጋር አነጻጸርን። የመጀመሪያው አራት ኮር ነው፣ ሁለተኛው ስድስት፤ ኮር ሲበዛ ብዙ ሥራ በአንዴ ይሠራል። ወንድሜ ሲጫወት ከጓደኞቹ ጋር የሚያወራበት፣ ሙዚቃ የሚከፍትበት፣ ደግሞም ሃያ ገጽ ብሮውዘር ላይ ከፍቶ የሚተው ሰው ነው። ስድስቱን ወሰድን። ያለ ግራፊክስ ካርድ ሁለቱም ምስል እንደማያወጡ እዚህ ልጻፈው፤ ካርዱ ዘግይቶ ቢደርስ ጥቁር ስክሪን ላይ አፍጥጬ ማዘርቦርዱን እንዳልረግም።

ማዘርቦርዱ ግን አንድ ዝርዝር አስቀደደኝ። ቢ450 የሚባለው ይረክሳል። ነገር ግን ሳይሸጥ የቆየ ከሆነ ባዮሱ (ቦርዱ ላይ ያለው የማስነሻ ፕሮግራም) ካልታደሰ 5600ን ላያውቀው ይችላል። ለማደስ ደግሞ ብዙዎቹ ላይ ቀድሞ የሚያውቀው ፕሮሰሰር መግጠም ያስፈልጋል። ያለ ፕሮሰሰር በፍላሽ ብቻ የሚያድሱ ቦርዶች አሉ፤ ሁሉም ግን አይደሉም። ቢ550 ላይ ቆምን፤ የካርዱም መንገድ እዚያ ላይ ሙሉ ፍጥነቱን ያገኛል።

ራሙን ሁለት ባለ 8 ጊጋ ብዬ ጻፍኩ። አንድ ባለ 16 ልግዛ ብዬም አስቤ ነበር፤ በኋላ ልጨምርበት። ነገር ግን ሁለት ሲሆኑ ፕሮሰሰሩ ጎን ለጎን ያነባቸዋል፤ ጌም ላይ ልዩነቱ ይታያል። ይህን ስጽፍ የድሮዬ ትዝ አለኝ። ካርቶኑ ላይ ፍጥነቱ 3200 የሚል ራም ገዝቼ ሁለት ዓመት ሙሉ በ2133 ስጠቀምበት ነበር። ባዮስ ውስጥ ገብቼ ራሙን ወደ ተጻፈበት ፍጥነት የምታወጣውን፣ ኤክስኤምፒ የምትባለዋን ማብራት ነበረብኝ። አንዲት ቦታ መንካት! ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

አሁን ወደ ፓወር ሰፕላዩ ልምጣ። ያንን የድሮ ኮምፒውተር የገደለው እሱ ነው። አንድ ማታ እየተጫወትኩ ሳለ «ጧ!» አለና ክፍሉ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። ማዘርቦርዱንም ይዞት ሄደ። ሬሳውን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም። በዚህ ሳምንት አውጥቼ የተለጠፈበትን ወረቀት ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩት። በትልቁ 600 ዋት ይላል። ከሥሩ በትንሹ ግን በ12 ቮልት የሚሰጠው 25 አምፒር ነው። 12 ሲባዛ በ25፣ 300። ፕሮሰሰሩም ካርዱም የሚመገቡት ከ12 ቮልቱ ነው። የቀረውን ዋት የደመሩት ብዙም ከማይፈለጉት፣ ከ5 እና ከ3.3 ቮልቱ ነው። ለካ ገና ከመጀመሪያው ተጽፎልኝ ነበር። ያን ጊዜ የነበረኝ ካርድ ብቻውን የ300ውን ግማሽ ይበላ ነበር።

ወረቀቱን ለወንድሜ አሳየሁት። ዝም ብሎ ሁለቴ አባዛው። ከዚያ «ስድስተኛውን ቅደደው» አለኝ። ስድስተኛው ላይ ፓወር ሰፕላዩ የተገኘው ይሁን ያልኩት ነገር አሁንም አልተቀየረም ነበር።

ለአዲሱ ቁጭ ብለን ደመርን። ካርዱ 132፣ ፕሮሰሰሩ ቢበዛ 76፣ ለቀረው 50 እንበል። 260 አካባቢ ነው። ስለዚህ 550 ዋት የሆነ፣ በ12 ቮልት ብቻውን ከ500 ዋት በላይ የሚሰጥ ፈለግን። ኤይቲ ፕላስ ብሮንዝ የሚለው ምልክት አለው፤ ምልክቱ ግን የሚናገረው ስለ ኤሌክትሪክ ብክነት እንጂ እሳት ስለመከላከል አይደለም። ስለዚህ አጭር ዙር ሲፈጠር ወይም ጭነት ሲበዛ ራሱን የሚያጠፋ መሆኑንም አጣራን። ዋጋው የድሮውን ሦስት እጥፍ ሆነ። ጌሞቹ የሚቀመጡበትን ኤስኤስዲ ከ2 ቴራ ወደ 1 አወረድነው፤ ተጫውተን የጨረስነውን ጌም ከላዩ እናጠፋለን። ኤንቪኤምኢ ከሚባሉት ኤስኤስዲዎች ፈጣኑን ከመካከለኛው ጋር ማወዳደሩንም ተውነው፤ ጌም ሲከፈት የሚያተርፈን ጥቂት ሰከንድ ነው።

የቀረው ኬዝ፣ ሁሉን የሚይዘው ሳጥን ነው። ፊቱ መስታወት የሆነውን አልፈለግኩም፤ አየር አያስገባም። ወንፊት የመሰለውን መረጥኩ። ቆንጆ አይደለም።

ወንድሜ ተኝቷል። ከመተኛቱ በፊት ግን ዝርዝሩን አንስቶ አይቶት ነበር፤ አሁን ሳነሳው ከታች፣ ከኬዙ ጎን፣ በእሱ ጽሑፍ «መብራት ያለው ፋን» ይላል። እስክሪብቶውን አንስቼ ነበር። ተውኩት።