ትንሽ ውሻ ይዞ የበረሃ አቀበት መውጣት

ውሻ «ደከመኝ፣ እንመለስ» አይልም። እስኪወድቅ ድረስ ይከተላል። ትንሿን ውሻዬን ቡኒን ይዤ የበረሃውን አቀበት ልወጣ ሳስብ ያስጨነቀኝ ይኸው ነበር። ስለዚህ የምንመለስበትን ሰዓት ቤት ሆኜ ቆረጥኩ። ጫፍ ደረስንም አልደረስንም፣ ፀሐዩ ሳይከር መመለስ ነው።

ጎህ ሳይቀድ ጀመርን። በረሃ ንጋት ላይ ይበርዳል፤ ቡኒም ገመዷን እየጎተተች ከፊት ከፊቴ ትላለች። ገመዱን ያሰርኩት አንገቷ ላይ ሳይሆን ደረቷን በሚይዝ ማሰሪያ ላይ ነው። ውሻ ሙቀቱን የሚያስወጣው በአብዛኛው በማለክለክ ነው፤ አንገቱ ከታነቀ ምኑን ያለከልካል? ላብ የሚያልበው መዳፉ ላይ ነው፣ እሱም ለስሙ ያህል። አፍንጫቸው ድፍጥጥ ያሉትን ዝርያዎችማ እኔ ጨርሶ በረሃ አልወስዳቸውም።

አቀበቱ ሲጠና ትንሽነቷ ታየ። እኔ በአንድ እርምጃ የማልፈውን ድንጋይ እሷ ትዘላለች፣ ትንሸራተታለች፣ እንደገና ትዘላለች። ሆዷም ከመሬት ብዙ አይርቅም። እኔ ፊቴን ነፋስ ሲነካኝ እሷን ከስር አለቱ ያግላታል። ስለዚህ በየመሃሉ የእጄን ጀርባ መሬቱ ላይ አሳርፌ እስከ 7 እቆጥራለሁ። እጄ ካልቻለው መዳፏም አይችለውም። ጫማ አለማምጃታለሁ፤ መጀመሪያ ሰሞን እግሯን እንደ ሽመላ እያነሳች ስትራመድ ሳቄን አልቻልኩም ነበር።

ውሃን በተመለከተ ውሻ በተለመደው ቀን በኪሎ ክብደት ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ገደማ ይጠጣል። ቡኒ 5 ኪሎ ናት። ለአቀበቱ ግን ለብቻዋ 1 ሊትር ያዝኩላት። የምሰጣት ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ነው፤ በአንዴ ከጠጣች ታስመልሳለች።

ከሁሉ በላይ የማየው ምላሷን ነው። ጠዋት ቀጭን ነበር። ኋላ ሙቀቱ ሲበዛባት ጫፉ ሰፋ፣ ጠርዙም ወደ ላይ ተቆለመመ። ከዚያ ከአንዲት ቁጥቋጦ ጥላ ስር ገብታ የላዩን ትኩስ አሸዋ በፊት እግሯ ጫረችና ከስሩ ባለው ቀዝቃዛ ላይ በሆዷ ተነጠፈች። የተራራው ጫፍ ፊት ለፊት ይታየኛል። ሆዷንና ብብቷን በውሃ አራስኩና ደረት ላይ በሚታዘለው ቦርሳ አድርጌያት ተመለስን። የቦርሳውን አፍ ክፍት ተውኩት፤ ከሰው ገላ ጋር ተጣብቃ ከታፈነች ይብስባታል።

ድዷ ደም ቢመስል፣ ምራቋ ቢዝለገለግ ወይም ብትንገዳገድ ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። የውሻ ጤነኛ ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 41 ካለፈ ለሕይወት ያሰጋል። ያኔ እዚያው ውሃ እያፈሰሱ፣ እያራገቡ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ እንስሳት ሐኪም።

ጥላው ሲበዛ ትንሽ በእግሯ ሄደች። ብዙም ሳትርቅ ማነከስ ጀመረች፤ የቁልቋል እሾህ ነው። በጣት መንቀል እሾሁን ወደ ራስ ጣት ማዛወር ስለሆነ፣ እሾሁን በሚዶ ፈንቅዬ አነሳሁና የቀሩትን በወረንጦ ለቀምኩላት። ሁለቱም ከውሃው ቀጥሎ ቦርሳ የሚገቡ ዕቃዎች ናቸው።