ካሮ-ካን በደሴ፦ ሲ5 የተገፋችበት ጨዋታ

በጥቁር ካሮ-ካን የሚባለውን የቼዝ መክፈቻ መጫወት ከጀመርኩ ወዲህ ደሴ ላይ በውድድር ሞከርኩት። ተጋጣሚዬ ከኮምቦልቻ የመጡ መምህር ነበሩ። ነጭ ከያዙ ፋታ አይሰጡም።

ኢ4 ሲ6፣ ዲ4 ዲ5፣ ኢ5 ቢሾፕ ኤፍ5 (በየጥንዱ መጀመሪያ ነጭ፣ ቀጥሎ ጥቁር)። ሆራሺዮ ካሮና ማርከስ ካን በ1886 እ.ኤ.አ. የተነተኑት መክፈቻ ነው፤ የዓለም ሻምፒዮን የነበሩት ፔትሮስያንና ካርፖቭም ተጫውተውታል። እኔን የሳበኝ ቢሾፑ ነው። የፈረንሳይ መከላከያ በሚባለው ሌላ የጥቁር መክፈቻ ይሄው ቢሾፕ ከራሱ ወታደሮች ጀርባ ታፍኖ ይቀራል። እዚህ ቀድሞ ይወጣል፣ ከዚያ በኢ6 በሩ ይዘጋል።

ታዲያ በነፃ አይደለም። ሲ6 ላይ ያለችውን ወታደር በኋላ ሲ5 መግፋት ግድ ነው፤ አንድ ተራ ይቃጠላል። በድሮው የአገራችን ቼዝ፣ በሰንጠረዥ ቢሆን ማንም አይቆጥረውም። እዚያ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ባለው «ወረራ» ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሳሉ። በቼዝ ግን ይቆጠራል። የሚያዋጣው መሃሉ ስለተቆለፈ ነው፤ ነጭ ያቺን ትርፍ ተራ ቶሎ ጥቃት ሊያደርጋት አይችልም።

ቀጠልን። ፈረስ ኤፍ3 ኢ6፣ ቢሾፕ ኢ2 ሲ5፣ ቢሾፕ ኢ3። ዲ4 ላይ በላሁ፣ በፈረስ መለሱ። ይኼኔ የኢ5 ወታደራቸው ደጋፊዋን አጣች። የኔ እቅድ በሙሉ እሷ ነበረች። ፈረሶቼን ኢ7ና ሲ6 አወጣሁ። ሌላኛው ፈረሳቸው በዲ2 ዞሮ ኤፍ3 ሲደርስ ቢሾፔን ጂ4 አምጥቼ በሱ ለወጥኩት፤ በዲ4ቱ ፈረስ በሉ። ከዚያ ጂ6፣ ቢሾፕ ጂ7። ልብ በሉ፣ የራሳቸው ፈረስ ኤፍ3 ላይ ስለቆመ የኢ5ን ወታደር በኤፍ4 ሊደግፏት አልቻሉም። ንግሥታቸውም ሩካቸውም ዘበኛ ሆነው ታሰሩ። በመጨረሻ ወደቀች። ሩክ በሩክ ሲቀር በአንድ ወታደር ብልጫ አሸነፍኩ።

ከጨዋታው በኋላ ቡና ይዘን ሁሉንም ከመጀመሪያው ደገምነው። ጋሼ ሽንፈቱን ረስተው እንደ ተማሪ ሲጠይቁ ማየት ደስ ይላል። «አንተ ልጅ፣ በሚቀጥለው በኤች4 ነው የምመጣብህ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በአራተኛው ተራ ለሚመጣው ኤች4 ዝም ብሎ ኢ6 የገፋ ሰው ጂ4 ይጠብቀዋል። ቢሾፑ ኢ4 ሲሸሽ ኤፍ3፣ ጂ6 ሲመለስ ኤች5፣ መውጫ የለውም። መልሱ ኤች5 ነው። አሁን ከሱ በኋላ የሚመጡትን ሲ4ንና ቢሾፕ ጂ5ን እያጠናሁ ነው። ሐይቅ፣ ኮምቦልቻ ወይም ወልዲያ ሆናችሁ በነጭ ይሄን የምትጫወቱ፣ እሁድ ደሴ ብቅ በሉ። ሰሌዳው እኔ ጋ አለ።