ቪም ለሚጀምር ሰው የምነግረው

ቪም የተባለው የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም የዕለት ተዕለት መጻፊያዬ ከሆነ ቆይቷል። ጀማሪ ሰው «ከየት ልነሳ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ግን መልሱ አሁንም በአንድ ትንፋሽ አይወጣልኝም። ብዙዎች የቁልፎች ዝርዝር አውጥተው ይሰጣሉ፤ አንድ ገጽ ሙሉ ፊደልና ምልክት፣ ከጎኑ ደግሞ የሚሠራው ሥራ። ያንን ዝርዝር አልወደውም። አዲሱን ሰው ገና ከጅምሩ የሽምደዳ ባሪያ ያደርገዋል።

እኔ የምጀምረው ከሌላ ቦታ ነው። ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠን ስንውል አዲስ ነገር የምንጽፍበት ሰዓት ትንሽ ነው። የሚበዛው ማንበብ፣ መፈለግ፣ ቃል መለወጥ፣ መስመር ከዚህ አንስቶ እዚያ ማስቀመጥ ነው። ቪም የተሠራው ይህንን ላመነ ሰው ነው፤ ስለዚህ ሲከፈት በትዕዛዝ ሁነታ ይከፈታል። ፊደል ሲጫኑ ፊደል አይጻፍም፤ አንድ ሥራ ይሠራል። ለመጻፍ «አይ»ን ተጭኖ ወደ መጻፊያ ሁነታ መግባት፣ ሲጨርሱ በኢስኬፕ መመለስ ነው። ጨርሶ ለመውጣት ኢስኬፕ፣ ሁለት ነጥብ (:)፣ «ኪው»፣ ኢንተር፤ የተለወጠውን አስቀምጦ ለመውጣት ከ«ኪው» በፊት «ደብሊው»፤ ሁሉንም ትቶ ለመሄድ ከ«ኪው» በኋላ ቃለ አጋኖ። በዚህ ማንም አይፈር። ስታክ ኦቨርፍሎው በተባለው የፕሮግራመሮች ድረ ገጽ ላይ «ከቪም እንዴት ልውጣ?» የሚለው ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ2017 ከአንድ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታይቶ ነበር።

ለጀማሪ አንድ ምክር ብቻ ስጥ ብባል የምለው ይህንን ነው፤ መጻፊያ ሁነታ ውስጥ አትቆይ። ዓረፍተ ነገሩን ጻፍና ወዲያው ውጣ። እያሰብክ ከሆነ ውጣ፣ እያነበብክ ከሆነ ውጣ። ጥቅሙ ቶሎ የሚታየው ሥራን ለመቀልበስ «ዩ»ን ሲጫኑ ነው። ቪም ወደ መጻፊያ ሁነታ ገብተን እስክንወጣ የጻፍነውን እንደ አንድ ሥራ ይቆጥረዋል። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሳይወጣ የጻፈ ሰው የመጨረሻዋን ቃል ለማጥፋት «ዩ»ን ሲጫን ግማሽ ሰዓቱ አብሮ ይሄዳል። (ኮንትሮልና «አር» ይመልሱታል፤ ድንጋጤው ግን ድንጋጤ ነው።) በየአንቀጹ ብቅ ብሎ የሚመለስ ሰው ግን ሲቀለብስ የሚያጣው አንድ አንቀጽ ነው።

«ታዲያ ኢስኬፕ ለምን ጥግ ላይ ተቀመጠ?» የሚል ቅሬታ ይከተላል፤ ትክክለኛ ቅሬታ ነው። የቪም አባት የሆነውን ቪአይን ቢል ጆይ እ.ኤ.አ. በ1976 በበርክሌይ ሲሠራ ይጠቀምበት የነበረው ኤዲኤም 3ኤ የተባለ ተርሚናል፣ ማለትም ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ ስክሪንና የቁልፍ ሰሌዳ ነው። በዚያ ሰሌዳ ላይ ኢስኬፕ የሚገኘው ዛሬ ታብ ባለበት ቦታ፣ ከ«ኪው» አጠገብ ነበር። የአቅጣጫ ቀስቶቹም የተሳሉት «ኤች»፣ «ጄይ»፣ «ኬይ» እና «ኤል» ላይ ነበር፤ ጠቋሚውን በእነዚህ አራት ፊደሎች የማንቀሳቀሱ ልማድ የመጣው ከዚያ ነው። ሰሌዳው ሲለወጥ ልማዱ ግን እንዳለ ቆየ። ኮንትሮልን ከግራ ማዕዘን ቅንፍ ([) ጋር መጫን የኢስኬፕን ሥራ ይሠራል፤ ካፕስ ሎክን ወደ ኢስኬፕ መለወጥም ይቻላል፤ እኔ ይህንን እመርጣለሁ። ካፕስ ሎክ በቪም ውስጥ ጠላት ነው። ሳይታወቅ በርቶ ሲቀር ወደ ታች ለመውረድ የተጫኑት «ጄይ» ትልቁ ፊደል ይሆንና መስመሮቹን እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል።

ስለ ቀስቶቹ ካነሳሁ፣ «ቀስቶቹን ከመጀመሪያው ቀን ዝጋቸው» በሚሉት አልስማማም። ቀስት የሚጠቀም ጀማሪ ምንም አልጎደለበትም። ፊደል በፊደል መንቀሳቀስ በቀስትም ሆነ በ«ኤች» ያው ዘገምተኛ ነው። ይልቅ «ደብሊው» በቃል ወደፊት፣ «ቢ» በቃል ወደ ኋላ መዝለላቸውን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በእዝባር (/) ፈልጎ መድረስን ይልመድ። ዓይን ያየውን ቃል ሁለት ሦስት ፊደል ጽፎ ኢንተር ሲሉ ጠቋሚው እዚያው ነው።

ትዕዛዞቹ የራሳቸው ሰዋስው አላቸው። በአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ እዚህ ግን ይቀድማል። «ዲ» አጥፋ፣ «ሲ» አጥፍተህ ጻፍ፣ «ዋይ» ቅዳ። ከዚያ «ምኑን?» ለሚለው መልስ ይከተላል፤ «አይ ደብሊው» ያለሁበትን ቃል፣ «አይ ፒ» ያለሁበትን አንቀጽ፣ «አይ» እና የጥቅስ ምልክት (") በጥቅስ ውስጥ ያለውን። «ሲ»፣ «አይ»፣ የጥቅስ ምልክት ብሎ የተጫነ ሰው ጠቋሚው ጥቅሱ መሃል ይሁን በዚያው መስመር ከጥቅሱ በፊት፣ ውስጡ ባዶ ሆኖ ይጠብቀዋል። ሦስት ግስና አራት አምስት ተሳቢ ያወቀ ሰው ያልተማራቸውን ትዕዛዞች ራሱ ይሠራል። ዝርዝሩን የማልወደው ለዚህ ነው።

ከዚህ ሁሉ የማልለየው ግን ነጥብን ነው። ነጥብ የመጨረሻውን ለውጥ ይደግማል። በቅርብ ስሠራበት የነበረ ሰነድ ላይ «ደንበኛ» የሚለው ቃል «ተጠቃሚ» መባል ነበረበት፤ ሁሉም ቦታ ግን አይደለም። ቃሉ ላይ ቆሜ ኮከብን ብጫን ቪም ተመሳሳዩን ይፈልጋል፤ ግን ሙሉ ቃል ሆኖ የቆመውን ብቻ እንጂ «ለደንበኛው»ን አያየውም። አማርኛ ቃሉን ከፊትም ከኋላም ስለሚያስረዝመው ይህ ለእኛ አይበቃም። ከኮከቡ በፊት «ጂ» ሲጨመር በቃል ውስጥ ያለውንም ያገኛል። ከዚያ «ሲ ጂ ኤን» ብዬ «ተጠቃሚ» ጻፍኩና በኢስኬፕ ወጣሁ፤ የተለወጠው የተገኘው ክፍል ብቻ ስለሆነ «ለደንበኛው» የነበረው «ለተጠቃሚው» ሆነ። ከዚያ በኋላ ሥራው ማንበብ ብቻ ነበር። «ኤን» ስል ወደሚቀጥለው ይሄዳል፤ መለወጥ ካለበት ነጥብ፣ ከሌለበት እንደገና «ኤን»። «ደንበኞች» ግን በዚህ ፍለጋ አይገኝም፤ «ኛ» ወደ «ኞ» ተለውጣለችና ለብቻው መፈለግ አለበት።

በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ሌላም ችግር ይገጥመዋል። የቁልፍ ሰሌዳው አማርኛ ላይ እንዳለ ወደ ትዕዛዝ ሁነታ ሲመለስ ቪም የሚደርሰው የግዕዝ ፊደል ነው፤ ምን እንደሚያደርግበት አያውቅምና ዝም ይላል። ኢስኬፕን ተከትሎ ሰሌዳውን ወደ እንግሊዝኛ መመለስ አሰልቺ ነው፤ እስኪለመድ ግን ሌላ ቀላል መንገድ የለም።

ጀማሪን «ተበላሸ» የሚያሰኙ ጥቂት ነገሮችም አሉ። ለማስቀመጥ ብሎ ኮንትሮልና «ኤስ» የተጫነ ሰው በብዙ ተርሚናሎች (ትዕዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥባቸው መስኮቶች) ላይ ስክሪኑ ይደርቅበታል፤ ኮንትሮልና «ኪው» ያላቅቁታል። ኮንትሮልና «ዜድ» ቪምን ከዓይን ያርቁታል እንጂ አይዘጉትም፤ ተርሚናሉ ላይ «ኤፍ ጂ» ብሎ መጻፍ ይመልሰዋል። ግርጌው ላይ «ሪኮርዲንግ» የሚል ጽሑፍ ከታየ የሚጫኑትን ቁልፎች መዝግቦ የሚይዘው «ኪው» በስህተት ተነክቷልና እንደገና «ኪው»ን መጫን ነው። የቀዱት ጠፍቶ ያጠፉት ሲለጠፍ ደግሞ ቪም ያጠፋነውንም እንደ ቅጂ ስለሚይዘው ነው፤ የጥቅስ ምልክት፣ ዜሮ፣ «ፒ» ሲሉ የቀዱት ይመጣል።

ለመለማመጃ ተርሚናል ላይ «ቪምቱተር» ብሎ መጻፍ ይበቃል። ግማሽ ሰዓት ገደማ የሚወስድ ትምህርት ነው፤ የሚያስተምረውም እየታረመ ባለው ጽሑፍ ላይ ስለሆነ ከማንኛውም ቪዲዮ ይሻላል። ከዚያ በኋላ ሁለት ነጥብ፣ «ሄልፕ» እና የከበደውን ቁልፍ መጻፍ። ብራም ሙሌናር እ.ኤ.አ. በ1991 ቪምን ለሕዝብ ካወጣ ወዲህ እ.ኤ.አ. በ2023 እስከሞተበት ድረስ ያን ማብራሪያ ሲያሻሽል ኖሯል። «ሄልፕ ኡጋንዳ» ብሎ የጻፈ ሰው ፕሮግራሙን የወደደ ሁሉ በዚያ አገር ያሉ ሕፃናትን እንዲረዳ የጠየቀበትን ገጽ ያገኛል።

የሌላ ሰው የማዋቀሪያ ፋይል መቅዳትን በተመለከተ አቋሜ ጠንካራ ነው፤ አይቀዳ። ሦስት መቶ መስመር የተዋሰ ሰው አንድ ቁልፍ ያልጠበቀውን ሲሠራበት ጥፋቱ የቪም ይሁን የባለ ፋይሉ መለየት አይችልም። የመስመር ቁጥር የሚያሳየው አንድ መስመር ለመነሻ ይበቃል፤ ሌላው አንድ ነገር ደጋግሞ ሲያናድድ፣ ማብራሪያው ተነቦ ይጨመራል።